ከመቆፈራችሁ በፊት ሽቅብ ተመልከቱ



ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በእኛ በወላይታ ጎረቤት፣ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ የተራራው ጎንም ተንሸራቶ ጥቂት ቤቶችን ከነቤተሰቡ ቀበረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የቆመው እዚያ ላይ ስለሆነ ግን ቀስ ብዬ ልድገመው።

እሪታ ተሰማ፤ ጎረቤት ተነሣ። ሰኞ ጠዋት የመንደሩ ሰው ዶማና አካፋ ያለው ይዞ፣ የሌለው ባዶ እጁን ወጣ። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ሠራተኞች፣ የአካባቢው ኃላፊዎች ሳይቀሩ ጭቃው ላይ ተሰለፉ። እየቆፈሩ ሳሉ ከበላያቸው የቀረው ተራራ እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በቀናት ውስጥ የሟቾቹ ቁጥር 257 መድረሱን አስታወቀ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ ቤታቸው የተደረመሰባቸው አልነበሩም፤ እነሱን ሊያወጡ የሄዱ ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ አገር አለቀሰ።

አሁን ከዚህ በጣም ወደ ራቀ ቦታ ልውሰዳችሁ። በምሥራቅ ቱርክ፣ ቫን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ባህቼሳራይ የምትባል የተራራ ወረዳ አለች። ክረምቷ በረዶ ነው። ጥር 26 ቀን 2012 ዓ.ም. የበረዶ ናዳ መንገድ ላይ አንዲት ሚኒባስ ቀበረና አምስት ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ወታደሮችና የአካባቢው ሰዎች የቀሩትን ፍለጋ እዚያው ቁልቁለት ሥር ተሰማሩ። ሁለተኛው ናዳ መጣና እነሱን ቀበረ። የሁለቱ ቀን ሟቾች ከ40 በላይ ሆኑ፤ አብዛኞቹም አዳኞቹ ነበሩ።

አንዱ በረዶ ነው፣ አንዱ ቀይ አፈር። አንዱ የሠለጠነና የነፍስ አድን መሣሪያ የያዘ ቡድን ነበረው፣ ሌላው ዶማ። የሆነው ግን አንድ ዓይነት ነው። ተራራ አንድ ጊዜ ስለተናደ አርፏል ማለት አይደለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ያሉት ሰዓታት ከሁሉም የከፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኛ ደግሞ በባህላችን፣ በፍቅራችን፣ በሃይማኖታችን ምክንያት በብዛት ወደዚያ የምንሮጠው ልክ በነዚያ ሰዓታት ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህንን ለመናገር ነው። ለእሪታ መድረሳችን ይቀጥል፤ አደራረሳችን ግን ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ይህ የጎፋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግንቦት 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚሁ በወላይታ ዞን በከባድ ዝናብ ምክንያት በደረሰ የመሬት መንሸራተት 41 ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተነግሯል። ከጎፋው ሐዘን ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ፣ በሐምሌ 2016 መጨረሻ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ውስጥ ናዳ ከአሥር በላይ ሰዎች ገደለ፤ ብዙ ቤተሰብም አፈናቀለ። ከኪንዶ ደጋ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ለምን እዚያ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም። እዚህም ሶዶ ላይ የዳሞታ ተራራ ከራሳችን በላይ ቆሟል፤ ጫፉ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ የከተማው የታችኛው ሰፈር ደግሞ ከእሱ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ዳሞታ ላይ የዘነበ ዝናብ መድረሻው እኛው ነን።

አፈራችንን እንየው። ወላይታ የቆመችው እሳተ ገሞራ ትቶት በሄደው አለት ላይ ነው። ያ አለት በብዙ ሺህ ዓመታት ሙቀትና ዝናብ በስብሶ ቀይ ሸክላማ አፈር ሆኗል። ጉድጓድ የቆፈራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ ስትወርዱ ለስላሳ ቀይ አፈር ነው፤ ከዚያ ድንገት ዶማው ጠንካራ ነገር ይመታል። ውሃ በላይኛው አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ ጠንካራው ላይ ሲደርስ አላልፍም ይላል፤ እዚያው ተጠራቅሞ ወደ ጎን ይሄዳል። የናዳው መንሸራተቻ ብዙ ጊዜ ይህ ድንበር ነው።

የውሃውን ልክ በቁጥር ላሳያችሁ። በአንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም በሩብ ሔክታር ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ የወረደው ውሃ 250 ሜትር ኩብ ነው፤ በክብደት 2,500 ኩንታል። ከፊሉ በላይ በላዩ ፈስሶ ይወርዳል፣ ከፊሉ ይሰርጋል። ይሁንና ዋናው አደጋ ክብደቱ አይደለም። በዘንበል ጣውላ ላይ የተቀመጠ የእህል ጆንያን አስቡ፤ ጣውላው ደረቅ ሳለ ጆንያው ይይዛል። የአፈር ቅንጣቶችም እንዲሁ እርስ በርስ ተፋትገው፣ ተደጋግፈው ነው ተራራውን የሚይዙት። ውሃ በመካከላቸው ሲሞላ እየገፋ ያለያያቸዋል፤ መፋተጋቸው ይቀንሳል፤ አፈሩ ያው አፈር ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ይጠፋል። ለዚህ ነው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ጭምር ተራራ የሚናደው፤ ውሃው ገና ከውስጥ ጉዞ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ለምን ሁለተኛ እንደሚከተልም ከዚሁ ይታያል። የታችኛው አፈር ሲሄድ የላይኛው ደጋፊውን ያጣል። ከላይ የቀረው ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ትኩስ፣ የተሰነጣጠቀ ነው። ተቆርጦ የቀረው ምንጭ በግድግዳው ወገብ በኩል ይፈስሳል። በዚያ ላይ መቶ ሰው እግሩ ሥር ገብቶ ሲቆፍር ያንኑ የቀረውን ድጋፍ እያነሣ ነው።

አሁን ወደ በረዶው ልመለስ። ስለ በረዶ ናዳ ብዙ የሚያውቁት በተራራ አገር የሚኖሩ ሰዎችና ለስፖርት ወይም ለሥራ በበረዶ መንሸራተቻ ቀጥ ያለውን ተራራ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ይህ ከእኛ ኑሮ ሩቅ ነው። በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በበረዶ መንሸራተቻ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ ሲሰለፍ ብዙዎቻችን ስፖርቱን ያየነው ያኔ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ተራራ ወጪዎች በብዙ ሞት የተማሩት ትምህርት ለእኛ ቀይ አፈርም ይሠራል፤ በነፃ ልንወስደው እንችላለን።

አንደኛው ትምህርት ስለ ቁልቁለቱ ማዕዘን ነው። አደገኛው የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ዳገት ላይ ነው። ከዚያ በታች በረዶው እዚያው ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ብዙ ሳይከማች ቀስ በቀስ ይረግፋል። የእኛ እርጥብ አፈር ከዚያ ባነሰም፣ በ20ዎቹ ዲግሪ ላይ ጭምር፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ተራራ ወጪው በኪሱ የማዕዘን መለኪያ ይይዛል፤ በዓይኑ አያምንም፤ ዓይን ይሳሳታልና።

ለተማሪዎች ይህንን ላሳያችሁ፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከጂኦሜትሪ ሳጥናችሁ ፕሮትራክተሩን አውጡ። መካከለኛዋ ነጥብ ላይ ክር እሰሩ፤ ከክሩ ጫፍ ትንሽ ጠጠር አንጠልጥሉ። ቀጥ ያለውን ጠርዝ ወደ ላይ አድርጉና በጠርዙ አንጻር፣ እንደሚያነጣጥር ሰው፣ ከዳገቱ ሥር ሆናችሁ ከላይ የቆመ ቁመታችሁን የሚያህል ሰው ዓይን ተመልከቱ። ሜዳ ላይ ክሩ 90 ላይ ይወድቃል። ዳገት ላይ ከ90 የራቀበት ልክ የዳገቱ ማዕዘን ነው፤ ክሩ 60 ላይ ከወደቀ ዳገቱ 30 ዲግሪ ነው። ከቤታችሁ ጀርባ ያለውን ለኩት። የትምህርት ቤታችሁን ጀርባም ለኩት፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ስጡ። አንድ ቀበሌ የትኞቹ ቤቶች ከስንት ዲግሪ ዳገት ሥር እንዳሉ ቢያውቅ ለጂኦሎጂ ባለሙያው የመጀመሪያውን ሥራ ሠራለት ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፣ በበረዶ ናዳ ከተያዙት ስፖርተኞች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም ባልንጀሮቻቸው ናቸው። እኛስ? አብዛኛው ናዳ የዝናብና የመሬቱ አቀማመጥ ውጤት ነው፤ ገበሬውን መውቀስ በደል ነው። ነገር ግን ጎጆ ለመቀለስ የዳገቱን እግር በዶማ ቆርጠን ስንደለድል፣ ከመንገድ ቱቦ የወጣ ውሃ ወደ ሰው ማሳ ተለቅቆ ሲቀር፣ የጣሪያ ውሃ ከቤት ጀርባ ሲጠራቀም፣ ተራራውን እየረዳነው አይደለም። እነዚህ በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ትምህርት የዛሬው ዋና ጉዳዬ ነው። ተራራ ወጪዎች አደገኛ ቁልቁለት ሲያቋርጡ አንድ በአንድ ነው የሚያቋርጡት። አንዱ ይሄዳል፣ ሌሎቹ አደጋ በማይደርስበት ጉብታ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ከእሱ ሳያነሡ ይመለከታሉ። ናዳ ቢመጣ አንድ ሰው ይያዛል፣ ሌሎቹ ያወጡታል። ሁሉም አብረው ቢገቡ ማን ማንን ያወጣል? ኬንቾ ሻቻ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ አዳኞቹም አስተባባሪዎቹም ባንድነት ተቀበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ይጠይቀኛል፦ ልጄ አፈር ሥር ሆኖ ቆሜ ልይ ነው የምትለው? ጥያቄው ትክክል ነው፤ በጥንቃቄ መመለስ አለብኝ።

ጊዜ በእርግጥ ይገድላል። በስዊዘርላንድ በበረዶ የተቀበሩ ሰዎችን ያጠኑ ሐኪሞች በ1994 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ የወጡት ከመቶ 90 በላይ ይተርፋሉ፤ በ35 ደቂቃ ግን የሚተርፉት ወደ 30 ይወርዳሉ። የእኛ አፈር ደግሞ ከበረዶ ይብሳል። የናዳ በረዶ አንድ ሜትር ኩብ ከሦስት እስከ አምስት ኩንታል ሲመዝን፣ እርጥብ አፈር ወደ ሃያ ኩንታል ይጠጋል፤ ደረት እንዲነሣ አይፈቅድም። አፈር ሥር የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ምሰሶ ወይም ጣሪያ ደግፎት ትንሽ አየር ያገኘ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ሰዓታትን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ፍጥነት ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ሰው ጠባቂ አቁሞ፣ አሥር ሰው ብቻ አስገብቶ ሥራ ለመጀመር የሚወስደው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ያ ሁለት ደቂቃ ለሁለት መቶ ሰው ሕይወት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ዶማ ከማንሣቱ በፊት ሽቅብ ይመልከት፦ ድንጋይ ገና ይንከባለላል ወይ? የተቆረጠው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አለ ወይ? ውሃ ከወገቡ ይፈስሳል ወይ? ዛፎች ይነቃነቃሉ ወይ? ከዚያ ዓይኑ ጥሩ የሆነ፣ የማይሸበር አንድ ሰው ይመረጥ። ቦታው ከናዳው በጎን በኩል፣ ግድግዳው በሙሉ የሚታይበት ከፍታ ላይ ነው። ፊሽካ ወይም ጥሩምባ ይያዝ። ይህ ሰው አይቆፍርም፤ ወንድሙ የተቀበረ ቢሆንም አይቆፍርም፤ ፊቱንም ወደ ቆፋሪዎቹ አያዞርም። ዓይን ይደክማልና በየግማሽ ሰዓቱ ይቀየር።

የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ። ሌላው ሰው ሁሉ በጎን በኩል፣ ከናዳው መንገድ ውጭ ይቁም፤ ቆፋሪው ሲደክም ይተካል። ጥሩምባው ሲነፋ ወዴት እንደሚሮጥ ሳይጀመር በፊት ይነገር። ቁልቁል አይሮጥም፤ ናዳ ከሰው ይፈጥናል። ወደ ጎን ነው፣ ወደ ተረተሩ፤ ከሸለቆውና ከወንዙ መስመር ውጭ። የቤተሰቡ ዘመድ ወይም የቅርብ ጎረቤት ከጎን ተቀምጦ ማን ማን ቤት ውስጥ እንደነበረ፣ መኝታው በየት በኩል እንደነበረ፣ በሩ ወዴት እንደሚዞር ይናገር፤ ዝም ብሎ መሬት መገልበጥ ደቂቃ ይበላል። በየመካከሉ ሁሉም ጸጥ ይበል፤ ልቅሶውም ቢሆን። ከአፈር ሥር የሚመጣ ድምፅ ቀጭን ነው።

ከባዱ ደግሞ ይኸውና። ዝናቡ እንደቀጠለ ከሆነ፣ ድንጋይ መንከባለሉን ካላቆመ፣ ስንጥቁ ዓይናችሁ እያየ የሚሰፋ ከሆነ፣ ማንም አይግባ። ይህን ማዘዝ የሚችል ሰው ያስፈልጋል፤ እናት እየጮኸች "ቁሙ" ማለት የሚችል፣ ሲልም የሚሰማ። እንዲህ ያለ ሥልጣን በአደጋው ቀን አይፈጠርም። እኔ እንደማምነው ትክክለኛው ቦታ እድሩ ነው። እድር የአባወራና የእማወራ ዝርዝር አለው፤ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ዳኛ አለው፤ ቃሉም ይከበራል። ለቀብር የሚያገለግለን ይህ ሥርዓት ቀብርን ለመከላከልም ይችላል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንድ አጀንዳ ይጨመር፦ ናዳ ቢደርስ ጠባቂው ማነው፣ "ቁሙ" የሚለው ማነው፣ እሱ ባይኖር የሚተካው ማነው።

ወደ ቅድመ ምልክቶቹ ልለፍ። ተራራ አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር አይሄድም። ጥርት ያለ ምንጭ ድንገት ይደፈርሳል፣ ወይም ይደርቃል፣ ወይም ባልነበረበት ቦታ ይፈልቃል። በር አልዘጋ፣ አልከፈት ይላል፤ የግድግዳ ምርጊት በሰያፍ ይሰነጠቃል። ቀጥ ብሎ የበቀለ ባሕር ዛፍ፣ የእንሰት ረድፍ ያዘነብላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ከቤታችሁ በላይ፣ ዳገቱ ላይ የሚታየው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ነው፤ ቅስቱ ወደ ላይ፣ ሁለት ጫፎቹ ወደ ታች። ሣር ይሸፍነዋልና ከሩቅ አይታይም፤ እረኛ ልጆች ናቸው በብዛት የሚያገኙት። ልጅ "እዚያ ላይ መሬቱ ተሰንጥቋል" ካለ ወጥቶ ማየት ነው።

ስንጥቁ ሲገኝ እንዲህ ይደረግ። ከስንጥቁ በላይ አንድ ካስማ፣ ከስንጥቁ በታች አንድ ካስማ በጥልቀት ይመታ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይለካ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ጠዋትና ማታ ይለካ። ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨመረ ማለት ተራራው እየሄደ ነው። ዛሬ ከትናንት፣ ትናንት ከትናንት በስቲያ ይልቅ ቶሎ ከጨመረ፣ ሌሊቱን ማንም ከሥሩ አይደር። በሌላ አገር ይህንኑ ሥራ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይሠራዋል፤ መርሁ ግን ሁለት ካስማና አንድ ሜትር ነው። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ከላይ ቦይ ይቀደድ፤ ስንጥቁም በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይደፈን። ይህ ተራራውን አያቆመውም፤ ጊዜ ሊሰጥ ግን ይችላል።

ዝናብም መለካት አለበት። ቀጥ ያለ ጎን ያለው ቆርቆሮ፣ ሜዳ ላይ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ ይለካ። አንድ ቀን የወረደው ብቻ አይደለም የሚያሳስበው፤ መሬቱ ቀድሞ ለሳምንታት ጠጥቶ ጠግቦ ከሆነ፣ በሌላ ጊዜ የማያስፈራ ዝናብ ይበቃዋል። ሆንግ ኮንግ ይህን በከባድ ዋጋ ተማረች። በሰኔ 1964 ዓ.ም. ባንድ ቀን በሁለት ሰፈር በደረሰ ናዳ ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱባት። ከአምስት ዓመት በኋላ ቁልቁለቶቿን ብቻ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ በዝናብ ልክ ላይ የተመሠረተ የናዳ ማስጠንቀቂያም ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ሞቱ እጅግ ቀነሰ። ተራሮቿ አልተለወጡም፣ ዝናቧም አልቀነሰም። የእኛ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ በሬዲዮ ይደርሰናል፤ ግን ከሶዶ የተነገረ "ከባድ ዝናብ" ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ ለአንዲት የተወሰነች መንደር ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉመው እዚያው ያለው ቆርቆሮና ደብተር ነው።

ስለ ዛፍ ደግሞ በወላይታ ቆሜ ዝም ልል አልችልም። ሁምቦ ላይ ተራራው ተራቁቶ፣ ጎርፍና ጭቃ ወደ ታች መንደሮች ይወርድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሕዝቡ 2,728 ሔክታር ከልሎ፣ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቆ፣ ከመሬት ሥር በሕይወት የነበረውን ጉቶ እየገረዘ አሳደገው። በካርቦን ገበያ ተመዝግቦ ገቢ ያስገኘ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ሥራ ይህ ነው፤ ባለቤቶቹም የገበሬ ማኅበራት ናቸው። እዚሁ ዳሞታ ላይም ከ500 ሔክታር በላይ በተመሳሳይ መንገድ ተከልሏል። በአልፕስ ተራሮች አንደርማት የምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ከበላይዋ ያለውን ጫካ ማንም እንዳይቆርጥ በ1397 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ደነገገች፤ ከበረዶ ናዳ የሚጠብቃት እሱ ነበርና። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት የገባቸው ነገር ለእኛም ሊገባን ይገባል።

ሆኖም ዛፍ ሁሉን አይችልም። ሥር የሚይዘው የላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር ነው፤ መንሸራተቻው ከሥር በታች ጠለቅ ካለ ዛፉም ከነሥሩ አብሮ ይወርዳል። በዘመቻ ስለሚሠራው እርከንም አንድ ነገር ልበል፤ አንዳንዶች ላይወዱት ይችላሉ። አፈር እንዳይሸረሸር እርከን ድንቅ ነው። ነገር ግን ቀድሞ የተሰነጠቀ፣ ናዳ የሚያሰጋው ቀጥ ያለ ሸክላማ ዳገት ላይ ውሃ እንዲቆምና እንዲሰርግ የሚያደርግ እርከን መሥራት ተራራውን ውሃ ማጠጣት ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ውሃውን በቶሎ ወደ ጎን አውጥቶ በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ማውረድ ነው። አንድ መመሪያ ለሁሉም ዳገት አይሠራም፤ የግብርና ባለሙያዎቻችን ይህንን ለይተው እንዲያዩልን እለምናለሁ።

የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ ከቦታው መነሣት። ከጎፋው አደጋ በኋላ ከ15,000 በላይ ሰዎች ከአካባቢው መውጣት እንዳለባቸው ተነግሯል። ሰው ለምን ቁልቁለት ላይ ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ የወላይታን መሬት አያውቅም። ሜዳው ሞልቷል፤ ለልጅ የሚካፈለው መሬት በየትውልዱ እያነሰ ሄዷል፤ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አንዱ የእኛ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ እንሰቱን፣ የአባቱን መቃብር ጥሎ ሂድ የሚባል ሰው ወዴት፣ በምን መሬት ላይ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የዞኑም የክልሉም አስተዳደር መልሱን ከመሬት ጋር ይዞ ካልመጣ፣ ሰው በበጋ ይመለሳል። ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

መሬት እስኪገኝ ግን የሚቻል ነገር አለ። ለዘለዓለም መነሣት አንድ ነገር ነው፤ ለሦስት ሌሊት መነሣት ሌላ። አፈሩ ጠግቦ፣ ቆርቆሮው ሞልቶ ባደረበት ሳምንት፣ ሕፃናትና አረጋውያን ወደ ትምህርት ቤቱ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄደው ይደሩ፤ ከብቱም ወደ ተረተሩ ይወሰድ። ቀድሞ ግን አዳራሹ ራሱ ከዳገት ሥር አለመሆኑን በዚያች ፕሮትራክተር ለኩት። ሌሊት ማን ቤቱን ይጠብቃል፣ እህሉን ማን ያያል የሚለውም በእድሩ ይወሰን፤ ብዙ ሰው ከቤቱ የማይወጣው ንብረቱን ፈርቶ ነው።

አሁን ጥያቄዎችን እቀበላለሁ። ከኪንዶ ዲዳዬና ከኦፋ የመጣችሁ፣ ከቤታችሁ በላይ ስንጥቅ ያያችሁ ካላችሁ ግን ከጥያቄው በፊት እናንተ ተናገሩ፤ የቀበሌውን ስምና ስንጥቁን ያያችሁበትን ወር ንገሩን፣ እዚህ ያሉት መምህራን ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል።